የታኬታው የኋላ ጥርስ

2015 ዓ.ም. ነው። ያኔ ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። መርካቶ፣ ከጭድ ተራ ወረድ ብሎ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ጫማ እሰፋ ነበር፤ ዛሬም እሰፋለሁ። ክፍሏ እኔንና አንድ ደንበኛ ትይዛለች። ሌላ ከመጣ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል።

ትምህርቴ ትንሽ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ጋዜጣ ሳነብ ዛሬም ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ጫማ ግን ቶሎ አነባለሁ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፣ እንጀራዬ ስለሆነ ነው። ሶሉን ገልብጬ ካየሁት ባለቤቱ እንዴት እንደሚቆም፣ የትኛው ጉልበቱ እንደሚያስቸግረው፣ ሸክም ላይ ይዋል ወንበር ላይ፣ እነግራችኋለሁ። አንዴ አንድ የብረታ ብረት ነጋዴ ጫማውን ሲሰጠኝ «ወገብህን ታክመሃል?» ብለው ደንግጦ ማን እንደነገረኝ ጠየቀኝ። የነገረኝ የግራ ጫማው ነው።

ታዲያ የዚህን ሁሉ ሰው ጫማ ሳነብ፣ እቤቴ የተቀመጠ አንድ ጫማ ሳላነብ አሥራ አንድ ዓመት ኖርኩ። የምነግራችሁ እሱን ነው።

በወጣትነቴ ጭድ ተራ ላይ ሸክም እሸከም ነበር፤ የጭድ እስር፣ ጆንያ፣ የመጣውን ሁሉ። እሑድ እሑድ ደግሞ ለሰፈራችን ቡድን በቀኝ ክንፍ እጫወታለሁ። ያሠለጥነን የነበረው ሰውዬ የሚያውቃት አንዲት ቃል ነበረች። «ዘርጋ» ይል ነበር። እግርህን ወደፊት ዘርጋው፣ መሬቱን ዋጠው ማለቱ ነው። እኔም ሳረጅ የሰፈሩን ልጆች ማሠልጠን ስጀምር ቃሏን ከነቃናዋ ወረስኳት። መርካቶ ውስጥ «ዘርጋ» የጠዋት ቃል ናት፤ ነጋዴ ሱቁን ሲከፍት እቃውን ዘርጋ ይባባላል። በእኔ አፍ ግን የሩጫ ቃል ነበረች። ልጆቹ ጋሽ ዘርጋ ብለው ስም አወጡልኝ። ስሜ ወልዴ ነው፣ ግን ወልዴ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ጥቂት ነው።

አንድ ልጅ አለኝ፣ ብሩክ ይባላል። እሱም ቀኝ ክንፍ ነበር። ሩጫው ከእኔ ይበልጥ ነበር፣ ይህን ያኔ ነግሬው አላውቅም። ኳስ ይዞ ሲነሳ ከመስመሩ ዳር ሆኜ «ዘርጋ» እለዋለሁ፣ እሱም ይዘረጋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ከአንድ ትልቅ ቡድን ሰው ሊያየው መጣ። ሰውዬው ከጎኔ ቆመ። ከእረፍት በኋላ ብሩክ አንድ ረጅም ኳስ ተከትሎ ተነሳ። ጮህኩ። ዘረጋ። ከዚያ እጁን ወደ ጭኑ ጀርባ ሰደደና አፈሩ ላይ ተቀመጠ።

በዚያ ዓመት ሦስተኛው ነበር። ሁለት ጊዜ እንዲሁ ቋንጃዬን ብሎ ከጨዋታ ወጥቷል። ደም የለ፣ እብጠት የለ፣ የተላጠ ነገር የለ። ሰውዬው ደግሞ ሰዓቱን ሲያይ አየሁት። ሄጄ ከልጄ በላይ ቆምኩና ሰው ሁሉ እየሰማ «ተነስ፣ ልግመኛ» አልኩት።

እኛ ሰፈር ልግመኛ ማለት ቀላል ስድብ አይደለም። በጉልበቱ የሚያድር ሰው፣ ሳያመው አመመኝ ብሎ ሸክሙን ለጓደኛው ከሚተው ሰው ጋር ማዕድ አይቀርብም። ሌባ ብለው ይሻለው ነበር። ብሩክ አላለቀሰም። ታኬታውን እዚያው አውልቆ ጣለና በካልሲው እያነከሰ ከሜዳው ወጣ። በዚያው ሳምንት አክስቱ ቤት ገባ። እኔም ታኬታውን አንስቼ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ሲመጣ እሰጠዋለሁ ብዬ ነው። ምን አለፋችሁ፣ እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ።

አልመጣም። ከሦስት ዓመት በኋላ እናቱ ሞተች። ድንኳን ውስጥ በሰልፍ ከመጣው ለቀስተኛ ጋር መጣና ከፊቴ ጎንበስ ብሎ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለኝ። ልጄ አፉን ከፈታ ጀምሮ አንተ እያለኝ ነው ያደገው። አባዬ ና፣ አባዬ ብላ፣ አባዬ ተው። ያን ቀን እንደ ማንም ሽማግሌ እርስዎ አለኝና አልፎ ከአጎቶቹ ጋር ተቀመጠ። አክብሮኝ ነው ያላችሁ እንደሆነ ተሳስታችኋል።

በኋላ መሳለሚያ አካባቢ ሱቅ ከፈተ፣ ሸራና ገመድ ይሸጣል። ከእኔ ሥራ ቦታ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። በዚያ በኩል አላልፍም። ታክሲ ስፈልግ እንኳ መሳለሚያን ትቼ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ። ሴት ልጅ መውለዱን የሰማሁት የሌላ ሰው ሶል ስለጥፍ ከደንበኛ አፍ ነው። ቤቴ ስገባ ራዲዮ እከፍታለሁ፤ የሚለውን ለመስማት ሳይሆን ቤቱ ውስጥ ሰው እንዲያወራ ነው። ማሠልጠኑንም ተውኩት። እሑድ እሑድ ግን ሜዳው ዳር ካለ አንድ ድንጋይ ላይ ብቻዬን እቀመጣለሁ፣ ከዚያም ሆኜ «ዘርጋ» እላለሁ። ልጆቹ እጃቸውን አንስተው ይስቃሉ። ማንም መጥቶ አጠገቤ አይቀመጥም።

እንግዲህ በ2015 ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ አንድ ዓርብ ቀን፣ ሙባረክ የሚባል የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ታኬታውን ይዞልኝ መጣ። ሙባረክ በሳምንቱ ቀን ጭነት መኪና ላይ እቃ ይጭናል፤ እሑድ የሰፈሩ ቡድን ቀኝ ክንፍ ነው። አብራው አንዲት ልጅ መጣች። ነጃት ትባላለች፣ አባቷ እዚሁ መርካቶ ብርድ ልብስ የሚያከፋፍል ስልጤ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስፖርት ሳይንስ ተምራለች፤ አሁን ለሁለተኛ ዲግሪዋ ኳስ ተጫዋቾች እንዴት እንደሚሮጡ ታጠናለች። ስለ ሩጫ መማር የሚባል ነገር እንዳለ ያን ቀን ሰማሁ።

ታኬታውን ገለበጥኩት። ከሥሩ ያሉት የኋላ ጥርሶች ተበልተው አልቀዋል፣ የፊቶቹ ደህና ናቸው። ድንጋይ ላይ ነው እንዴ የምትሮጠው አልኩትና ወስፌዬን አነሳሁ። ልጅቷ ግን ጎንበስ ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ የኋላው ጥርስ ለምን ይመስልዎታል ቀድሞ የሚያልቀው?» አለችኝ።

«ሰው ተረከዝ ስላለው» አልኳት።

ሙባረክ ሳቀ። እሷም ሳቀች፣ አልተቀየመችም። ከዚያ ሙባረክ አታውቂያቸውም እንጂ እኚህ እኮ ጋሽ ዘርጋ ናቸው ብሎ አስተዋወቀኝ። ልጅቷ ፈገግታዋ ትንሽ ቀነሰ።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝና፣ እኔ ከተጫዋቾቹ አፍ ላወጣት የምታገለው ያቺን ቃል ነው።»

ወስፌውን አስቀመጥኩ። አንቺ ሳትወለጂ እኔ በዚህ ሜዳ ላይ ሰው ያስከነዳሁ ነኝ አልኳት። አውቃለሁ፣ አባቴም ነግሮኛል አለች። ኳስ ተጫዋች እግሩን አርቆ ሲወረውር የጭኑ ጀርባ ነው የሚበጠሰው፣ ሙባረክም ዘንድሮ ሁለት ጊዜ የተጎዳው በዚሁ ነው አለችኝ። አሠልጣኙ ሦስተኛ ጊዜ ከተጎዳ ለዘንድሮ ከስም ዝርዝር እንደሚያወጣው ነግሮታል። እሑድ ሁሉንም እያስሮጠች በስልክ ልትቀርጽ ነው። ይምጡና በዓይንዎ ይዩ አለችኝ።

ቅዳሜን ሙሉ ስሠራ ወስፌው ሁለት ጊዜ ጣቴን ወጋኝ። ነገሩ ገብቶኝ ነበር፣ አልገባኝም ብል እዋሻለሁ። የልጅቷ ነገር እውነት ከሆነ ብሩክ ልግመኛ አልነበረም። ብሩክ ልግመኛ ካልነበረ እኔ ምንድነኝ? ስለዚህ እውነት ሊሆን አይገባም። እንዲያ ብዬ ወሰንኩና እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ድንጋዬ ላይ ተቀመጥኩ።

ሜዳው ትምህርት ቤት ጀርባ ያለ አፈር ነው። እሑድ መርካቶ ጸጥ ስለሚል የልጆቹ እግር ድምፅ ከአጥሩ ማዶ ይሰማል። ነጃት ቀያይ ኮኖች በመስመር ደርድራለች፣ ስልኳን ባለ ሦስት እግር ብረት ላይ በጎን በኩል አቁማለች። ቆመው እንዲነሱ አታደርግም። ሶምሶማ እያሉ ይመጣሉ፣ ፊሽካ ስትነፋ ይፈተለካሉ። ለምን እንዲህ ታደርጊያለሽ ብዬ ከድንጋዬ ጮህኩባት። መጥታ ነገረችኝ። ኳስ ተጫዋች እንደ መም ሯጭ ተዘጋጅቶ አይነሳም፣ ሲንቀሳቀስ ቆይቶ ድንገት ነው የሚነሳው፣ ዓይኑ ኳስ ላይ ነው፣ የት ጋ እንደሚታጠፍ አያውቅም፣ ስለዚህ ዝቅ ብሎ፣ እግሩን ከሰውነቱ ሥር እያሳረፈ ነው መሮጥ ያለበት አለች።

«እርምጃው ያጠረ ሰው ቀድሞ ሲደርስ አላየሁም» አልኳት።

«እርምጃ የሚረዝመው መሬቱን ወደ ኋላ ሲገፉት ነው ጋሼ። እግርን ወደፊት ሲወረውሩት ፍሬን ነው የሚይዘው።»

«ሰው መኪና ነው?»

«ፍሬን ግን አለው» አለችና ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ልጆቹ ሰምተው ኖሮ ተሳሳቁ። አንዱ፣ ጋሽ ዘርጋ ዛሬ ልካቸውን አገኙ አለ። ደሜ ፈላ። ሙባረክ ተራው ደርሶ እንደነገረችው ሁለት ጊዜ ሮጠ። እግሩ ቶሎ ቶሎ ከሥሩ እየወደቀ፣ ደረቱን ዝቅ አድርጎ። መፍጠኑን አልክድም። ግን ለዓይኔ ውበት አጣሁበት። ይሄ ሸክም የያዘ ሰው ሩጫ ነው አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ነጃት ሙባረክን በቃህ፣ ጭንህ ገና አልጠነከረም አለችው። እሱ ግን ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። ከሜዳው ሁሉ ለእኔ ደግ እሱ ነበር፣ ሳልፍ ሰላም የሚለኝ እሱ ነው። «አንድ ለጋሼ ልሩጥ፣ ደስ ይበላቸው» አለ። ተው አለችው። አንድ ብቻ ብሎ ወደ መነሻው ተመለሰ። ተው ማለት የእኔም ፋንታ ነበር። አላልኩም። ከድንጋዬ ተነስቼ የድሮ ቦታዬ ላይ፣ መስመሩ ዳር ሄጄ ቆምኩ።

ሶምሶማ እያለ መጣ። ፊሽካ የነፋ የለም፣ እኔን ነበር የሚጠብቀው። «ዘርጋ» አልኩ።

ዘረጋ። እንዴት እንዳማረብኝ ልነግራችሁ አልችልም። ጉልበቱ ወጣ፣ ጫማው ከፊቱ ርቆ ተወረወረ፣ አፈሩን ቧ እያደረገው አለፈኝ። ብሩክን ያየሁ መሰለኝ። «ዘርጋ» አልኩ ደግሜ። ሦስት እርምጃ ሄደ። አራተኛው ላይ እጁ ወደ ጭኑ ጀርባ ሄደ።

ያቺን እጅ አውቃታለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዓይኔን ስጨፍን የማያት እጅ ናት። ሙባረክ ሁለት ጊዜ በአንድ እግሩ ነጠረና አፈሩ ላይ ተቀመጠ።

የማፍርበትን ልንገራችሁ። አፌ ውስጥ ቃሉ ተነሳ። «ልግ...» የሚለው እስከ ጥርሴ ድረስ መጣ። ሰው ከለመደ አፉ ለብቻው ይሄዳል። ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት። ልጆቹ ሁሉ ቆመው እኔን ያያሉ እንጂ ሙባረክን አያዩም። ድሮ ብሩክን ስሰድብ ከነበሩት ውስጥ ሁለቱ ዛሬ ጎልምሰው እዚያው ቆመው ነበር። ሰው የሞላበት ሜዳ ላይ እንደዚያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

የቡድኑ ወጌሻ መጣ። ሙባረክን በሆዱ አስተኝቶ ጭኑን በጣቶቹ ይዳስስ ጀመር። እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ። ተበጥሶ ከሆነ ዘንድሮ አለቀለት። ወጌሻው አይቸኩልም፣ ጣቱን ያሳርፋል፣ ይጫናል፣ ሙባረክ ከንፈሩን ይነክሳል። ነጃት በረዶ በፌስታል ይዛ አጠገቡ ተንበረከከች። እኔን አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ እወድ ነበር።

የማደርገው ባጣ ከእግሩ ሥር ተቀመጥኩና የታኬታውን ማሰሪያ መፍታት ጀመርኩ። ሙባረክ አንገቱን አዙሮ አየኝ።

«ጋሼ፣ ለመፍታትም ያስከፍላሉ እንዴ?» አለኝ።

ማሰሪያውን ፈትቼ ጨረስኩ። ትንሽ ቆይቶ ወጌሻው ቀና አለ። አልተበጠሰም፣ ጡንቻው ተሳስቦ ነው፣ ቶሎ ቆመሃል፣ ከተጠነቀቅክ ሦስት ሳምንት ነው አለ። ልጆቹ ተነፈሱ። አሠልጣኙም ደግነቱ የልምምድ ቀን ነው፣ ይህን አልቆጥረውም አለ። ሙባረክ ተረፈ። እኔ ግን ገና አልተረፍኩም።

ወደ ነጃት ሄጄ ቀርጸሽዋል ወይ አልኳት። ስልኩ ሲቀርጽ ነበር። አሳዪኝ አልኩ። ሊያስከፋዎት ይችላል አለች። አሳዪኝ አልኩ ደግሜ። ድንጋዬ ላይ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ከስንት ዓመት በኋላ እዚያ ድንጋይ ላይ ሁለት ሰው ሆነን። በእጇ ለስልኩ ጥላ ሠርታ ሩጫውን ቀስ አድርጋ አሳየችኝ።

እስከ ስልሳ ስድስት ዓመቴ ድረስ ሰው ሲሮጥ አይቼ አላውቅም ነበር። አየሁ የምለው ሲያልፍ ነው። አሁን እግሩ ከጉልበቱ ተፈትቶ ወደፊት ሲወረወር፣ አየር ላይ ሲንሳፈፍ፣ ከሆዱ፣ ከደረቱ ሁሉ ርቆ በተረከዙ ሲወድቅ አየሁ። ሲወድቅ ሰውነቱ በሙሉ ይገታል። ጋሪ እየገፋችሁ ከጎማው ፊት ድንጋይ ሲገባ ታውቃላችሁ? እንደዚያ። ከዚያ ያንን እግር እንደገና አልፎት ለመሄድ ይታገላል። የጭኑ ጀርባ ደግሞ ሁለት ሰው በሁለት ጫፍ እንደሚስበው ገመድ ተወጥሯል። በየእርምጃው እንደዚያ ነው። አፈሩ ቧ ያለው በፍጥነቱ አልነበረም፣ በፍሬኑ ነው።

ከዚያ የፊተኛውን ሩጫ አሳየችኝ፣ ውበት የለውም ያልኩትን። እግሩ ከዳሌው ሥር ይወርዳል፣ መሬቱን ወደ ኋላ ይልካል፣ ይነሳል። የሚታገለው ነገር የለም። እሱን ሳይ ወጣትነቴ ትዝ አለኝ። ጭድ ተራ ላይ ጆንያ ተሸክሜ ስሮጥ አንድ ቀን እግሬን ዘርግቼ አላውቅም። ሸክም ያለው ሰው እግሩን ከዘረጋ ይወድቃላ። አጠር አድርጎ፣ ከሥሩ ነው የሚረግጠው። እግሬ ያውቅ ነበር ማለት ነው። አፌ ነው የማያውቀው።

መልሺልኝ አልኳት። መለሰችልኝ። ስንት ጊዜ እንዳስመለስኳት አላውቅም። በመጨረሻ የመጣሁበትን ጠየቅኳት።

«ይሄ ሕመም ልግመኛ የሆነ ሰው ላይ ይወጣል? ሳያመው አመመኝ የሚል?»

ነጃት ስለ ማን እንደምጠይቅ አታውቅም። ዝም ብላ የምታውቀውን መለሰች።

«ልግመኛ በዚህ አይጎዳም ጋሼ። የሚጎዳው እስከ መጨረሻው ጉልበቱ የሮጠ ነው። ከውጭም ምንም አይታይም፣ ለዚህ ነው ሰው የማያምናቸው።»

አመሰገንኳት መሰለኝ። ተነስቼ ሄድኩ። የእሑድ መርካቶ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ የእግሬን ኮቴ ራሴ እየሰማሁ ነው የሄድኩት። ሌላ ቀን ሰው ሲገፋኝ፣ ተሸካሚ ዘወር በል ሲለኝ እነጫነጫለሁ። ያን ቀን የሚገፋኝ ሰው በኖረ ብዬ ተመኘሁ።

ቤቴ ስደርስ ገና ቀትር ነበር። በሩን ክፍት ተውኩት፣ ብርሃን እንዲገባ። ሳጥኑን ከአልጋው ሥር ስቤ ከፈትኩት። የሚስቴ ነጠላ ከላይ ነው፣ ከሥሩ በጋዜጣ የተጠቀለለ የብሩክ ታኬታ አለ። የዚያን ቀን አፈር እንኳ አልረገፈለትም። ደረቴ ላይ አስጠግቼ ትንሽ ያዝኩት። ከዚያ ገለበጥኩት።

የኋላ ጥርሶቹ እስከ ሥራቸው አልቀዋል። የቀኙ ተረከዝ ሶሉ ራሱ ሊበሳ ደርሶ ቀጭን ቆዳ ነው የቀረው። የፊቶቹ ጥርሶች ግን ከሱቅ የወጡ ይመስላሉ። ማንም ሰው ያንን ጫማ ወደ እኔ ቢያመጣው በአንድ ዓይኔ አይቼ፣ ይሄ ልጅ እግሩን ከሚችለው በላይ እየወረወረ ነው፣ ጭኑን ያመዋል እለው ነበር። የእግዚአብሔርን ፍጡር ሁሉ ጫማ ስገለብጥ ኖሬ የልጄን አልገለበጥኩም። ሳጥን ውስጥ ያስቀመጥኩት ይቅርታ እንዲጠይቀኝ መያዣ አድርጌ ነው እንጂ ለማንበብ አልነበረም።

ሰዓቱ ሲመሽ አልታወቀኝም። ራዲዮ አልከፈትኩም።

አሁን እናንተን ልጠይቃችሁ፣ ይህን የምታነቡ። መስመር ዳር ቆማችሁ ለሚሮጥ ልጅ ቃል የምትወረውሩ ስንት ናችሁ? ሜዳ ላይ ብቻ አይደለም የምለው። ቃሉን ከየት እንዳመጣችሁት ታውቁታላችሁ? እኔ አላውቅም ነበር። ያሠለጠነኝ ሰውዬ አለኝ፣ እኔም አልኩት። ከሁሉ የሚከነክነኝ ደግሞ ይሄ ነው፤ ብሩክ የማይሰማ ልጅ ቢሆን ኖሮ እግሩ ደህና ነበር። ሌሎቹ ስጮህ እየሳቁ እንደፈለጋቸው ይሮጡ ነበር፣ አንዳቸውም እንደሱ አልተጎዱም። እሱ ስለሰማኝ ነው የተጎዳው። ስለታዘዘኝ ልግመኛ አልኩት።

ያ ቀን ደግ ሰው አደረገኝ አልላችሁም። ዛሬም ነጭናጫ ነኝ፣ ዛሬም ደንበኛ ሲከራከረኝ ጫማውን እመልስለታለሁ። ግን እሑድ ድንጋዬ ላይ ስቀመጥ አፌን እዘጋለሁ። የኳስ ተጫዋች ታኬታ ሲመጣልኝ ደግሞ ሳልሰፋ በፊት ገልብጬ ለባለቤቱ አሳየዋለሁ። የኋላው ካለቀ ነጃት ጋ ሂድ እለዋለሁ። ሳይገባኝ የምናገረው ነገር ሲመጣ ጥርሴን መንከስ ለምጃለሁ። በዚህ ዕድሜ ይህን ያህል ከተማርኩ ይበቃኛል።

በዚያ እሑድ ማግስት፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ታኬታውን በፌስታል ይዤ በመሳለሚያ መንገድ ሄድኩ። አፈሩን አላራገፍኩትም። ብሩክ ሱቁን እየከፈተ ነበር። ወፍሯል፣ በሠላሳ ዓመቱ ጢሙ ውስጥ ሽበት ገብቷል፤ አንድ ትልቅ ሰማያዊ ሸራ ታጥፎ እግሩ ሥር ተቀምጧል። አየኝና ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ደህና አደሩ» አለኝ።

በመንገድ ሳሰናዳው የመጣሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። ታኬታውን አውጥቼ ሶሉን ወደ ላይ አድርጌ የገመድ ጥቅሉ ላይ አስቀመጥኩት።

«እየው» አልኩት። «የኋላው ጥርስ አልቋል፣ የፊቱ አዲስ ነው። ያስሮጥኩህ እኔ ነኝ። ልግመኛ አልነበርክም።»

አነሳው። አውራ ጣቱን የተረከዙ ቦታ ላይ አሳረፈና ወዲያና ወዲህ አደረገው። አንድ ተሸካሚ ከኋላችን ዘወር በሉ አለን፣ ሁለታችንም ወደ አንድ ወገን ዘወር አልን።

«ብርድ ሲሆን አሁንም ያመኛል» አለ ጫማውን እያየ።

«አውቃለሁ» ልለው ነበር፣ አላውቅም።

ታኬታውን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። መደርደሪያው ላይ ሲያስቀምጠው ድምፁን ሰማሁ፣ አልወረወረውም። ልሂድ ልቁም ስል ተመልሶ ወጣና ጎንበስ ብሎ የሸራውን አንድ ጫፍ ያዘ። ሌላውን ጫፍ በአገጩ አሳየኝ።

«ያዘው አባዬ» አለኝ። «ወደዚያ ዘርጋው።»

ያዝኩ። ዘረጋሁት።